ውረድ ያልተባለው ፈረሰኛ

ባለፈው ጥር ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወንጪ ሄጄ ነበር። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ ድሮ ከአምቦ ተነሥተን አቧራ እየጠጣን ግማሽ ቀን የምንፈጀው መንገድ አሁን የጀመሩት ወሬ ሳያልቅ ያልቃል። ከመኪና ወርደን ፈረስ ልንከራይ ስንሰለፍ፣ አንዱ ጎረምሳ ግላሱን ከፈረሱ ጀርባ አንሥቶ አራገፈው። ወይ ያ ሽታ! የፈረስ ላብ፣ እርጥብ ቆዳ፣ ትንሽ ጭስ። ጎረምሳው ደግሞ መነጽሬንና ባርኔጣዬን አይቶ ምን እንደመሰልኩት እንጃ፣ ልጓሙን ያዝ አድርጎ "ጌት ኦን፣ ማዳም" አይለኝ መሰላችሁ!

"የምን ማዳም ነው፣ የኦቦ ቶሎሳ የልጅ ልጅ ነኝ እኮ!" አልኩት በኦሮምኛ። ልጁ አፈረ፣ ባልደረቦቼ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እንባዬ መጣ። ምን ሆንሽ ሲሉኝ አቧራ ነው አልኳቸው። አስፋልት ላይ የምን አቧራ!

አራተኛ ክፍልን የተማርኩት እዚያው ወንጪ ነው። እናቴ ነርስ ናት። በዚያ ዓመት እጃጂ ተመደበችና፣ ተረኛ ስትሆን የሚይዘኝ ሰው ስለሌለ ለአባቷ ሰጠችኝ። "አንድ ዓመት ብቻ" አለችኝ። አላመንኳትም። እውነቷን ነበር ግን።

አካኮ እለዋለሁ፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አካኮ ሰው አያምንም። ይህን ስል እያማሁት አይደለም፣ ራሱም ይናገረዋል። ከቤት ሲወጣ በሩ ሥር ጭራሮ ያጋድማል፤ ሲመለስ ጭራሮው ቦታውን ለቆ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ያያል። የፈረሱን ገመድ የሚያስረው ራሱ ብቻ በሚያውቀው ቋጠሮ ነው፦ ሦስት ጊዜ ጠምዝዞ ጫፉን ወደ ውስጥ ይቀረቅረዋል። አምቦን "ሀገረ ሕይወት" እንዳለ ነው የሞተው። ስሟን የቀየሩት ሰዎች ምን አስበው እንደሆነ ማንም አላስረዳውማ! "ሰው ሲስቅልሽ ጥርሱን አትዪ፣ እጁን እዪ" ይለኝ ነበር።

እኔም የዋዛ አልነበርኩም። ወር ሳይሞላኝ ደብተሬ መካከል ከራሴ ፀጉር አንድ ዘለላ እያስቀመጥኩ፣ ከክፍል ልጆች ማን ገልጦ እንዳየው መመርመር ጀመርኩ። ፀጉሩ አንዳንዴ በነፋስ ይጠፋል። እኔ ግን ነፋስ የሚባል ነገር አላውቅም፣ መጠርጠር ብቻ ነው።

ፈረሱ ዳለቻ ይባላል፣ በመልኩ ነው የተጠራው፤ አመድ የመሰለ ነበር። ከገደሉ አፋፍ እስከ ሐይቁ ድረስ እንግዳ ጭኖ ይወርዳል፣ ይወጣል። አካኮ እርሻውን ለልጆቹ ካካፈለ በኋላ የቀረው እሱ ነበር። ሲያወራ ከኔ ጋር ካወራው ከዳለቻ ጋር ያወራው ይበልጣል። እኔም እወደው ነበር። ከትምህርት ቤት ስመጣ የጫማዬን ኮቴ ለይቶ ጆሮውን ያቆማል፤ በዚያ ዓመት ስመጣ ደስ ይለዋል ብዬ ያላንዳች ጥርጣሬ ያመንኩት ፍጥረት እሱ ብቻ ነበር።

ኅዳር ላይ የፈረሰኞቹ ማኅበር ስብሰባ ጠራ። አንዲት ፈረንጅ ጎንበስ በይ የሚላት አጥታ የኮሶ ዛፍ ቅርንጫፍ ግንባሯን መትቷት ከፈረስ ወድቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ፦ ከገና በፊት ፈረሰኛ ሁሉ ይፈተናል፤ እንግዳን ውጣ፣ ውረድ፣ ጎንበስ በል፣ ራቅ በል ማለት በእንግሊዝኛ ያልቻለ ተራ አይያዝለትም። ተራ የሌለው ፈረስ ደግሞ ገብስ ብቻ የሚበላ እንግዳ ነው። አካኮ ከስብሰባው ሲመለስ ጭራሮውን እንኳን አላየም። ጋጣው ውስጥ ገብቶ የዳለቻን አንገት ደገፍ ብሎ "ሊያሸጡኝ ነው" አለ።

በሳምንቱ መምህር አስናቀ በራችን ላይ ቆመ። የትልልቆቹ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ከአዊ አገር መጥቶ አምቦ ተምሮ እኛ ዘንድ የተመደበ፣ ቀጭን፣ ኦሮምኛው ገና የሚንገዳገድ ወጣት።

"አሻማ፣ ኦቦ ቶሎሳ" አለ፣ በዚያው ኦሮምኛው ሰላምታ ሲሰጥ። "ስለ ፈተናው ሰምቼ ነው። ከፈቀዱልኝ እኔ አስተምርዎታለሁ።"

"በምን ያህል?" አለ አካኮ።

"በነጻ ነው።"

አካኮ ወደ እኔ ዞር አለ፣ እኔም ወደ እሱ። በነጻ! በዚህ ዓለም ላይ በነጻ የሚመጣ ጉንፋን ብቻ ነው። ግን ምን ምርጫ አለን? "ነገ ና" አለው፣ ፊቱን እንደቋጠረ።

ትምህርቱ ከትምህርት ቤት መልስ ጀምሮ ፀሐይ ገደሉ ጫፍ እስክትደርስ ነበር። በልምምዱ እኔ ፈረንጅ ነኝ። ዳለቻ ዳለቻ ነው። መምህር ቃላቱን በአማርኛ ፊደል በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ የጋጣው ምሰሶ ላይ ሰካልን፤ አካኮ በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት የቆጠረ ስለሆነ ፊደል ያነባል። ከላይ ወደ ታች፦ ጌት ባክ፣ ከፈረሱ ኋላ ራቅ በል። ጌት ኦን፣ ውጣ። ጌት ዳውን፣ ዝቅ በል። የመጨረሻው ጌት ኦፍ፣ ውረድ።

አካኮ ወረቀቱን አየና ጣቱን ከላይ እስከ ታች አወረደ።

"ይቺ ቃል ያችው ናት" አለ።

"አዎ፣ ጌት ናት።"

"አራቱም ላይ?"

"አራቱም ላይ። ጀልባ ላይ ግባ ሲሉም ጌት ኢን ነው፣ ውጣ ሲሉ ጌት አውት፣ የወደቀውን ተነሣ ሲሉት ጌት አፕ…"

"ቆይ!" አለ አካኮ እጁን አንሥቶ። "ስማኝ፣ መምህር። መግባት አለ፣ መውጣት አለ፣ መነሣት አለ። ሁሉም የየራሱ ቃል አለው። አንተ አንዷን በግ ሰባት ጊዜ ልትሸጥልኝ ነው እንዴ?"

መምህር ሳቀ። "ኦቦ ቶሎሳ፣ ጌትን እንደ ዳለቻ ይዩት። ፈረሱ ያው አንድ ነው። ከኋላዋ የምትመጣው ትንሿ ቃል ልጓሙ ናት። ፈረሱ ወዴት እንደሚሄድ የምትናገረው እሷ ናት።"

ነገሩ ደስ የሚል ነበር፤ ደስ ማለቱ ራሱ አላማረኝም። እኔም ሆንኩ አካኮ፣ አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራበት አገር ሰው የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው ብለን ደመደምን። በሌላ ቀን ደግሞ መምህር ሲያወራ ደብዳቤ ማግኘትም ጌት ነው ብሎ አመለጠው። "ደሞ ማግኘት ሆነች!" አለኝ አካኮ እራት ላይ፣ ሽሮውን እየጠቀለለ። "ነገ ደግሞ መስረቅ ትሆናለች።"

ያም ሆኖ ለመደ። ይጮኻል፣ እኔ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። "ጌት ዳውን!" ሲለኝ የሌለ ቅርንጫፍ ሥር እጎነበሳለሁ። ጌት ኦፍ ላይ ብቻ ሁልጊዜ ይጠፋበታል፤ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ ግርጌ ይልካል። እሷ ብቻ ቀረችው እንጂ ለማለፍ ደርሶ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ግን ከትምህርት ቤት በጊዜ ተለቀቅሁ። ቤት ስደርስ አካኮ ወደ ወፍጮ ሄዷል። ጋጣው ውስጥ ድምፅ ሰማሁና በግድግዳው ስንጥቅ አጮለቅሁ። መምህር አስናቀ ነው፣ ብቻውን። የዳለቻን ግንባር አሻሸው። ከዚያ የፊት እግሩን አንሥቶ ኮቴውን አየ። ከዚያ፣ በስመ አብ! ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ ጥርሱን አየ።

በኛ አገር የሰው ፈረስ ጥርስ የሚያይ ገዢ ብቻ ነው። ገበያ ላይ እንኳ ባለቤቱን "ልይ?" ሳይሉ አፉን አይከፍቱም፤ ያለ ፈቃድ ቤቱ ሄዶ ጥርስ ያየ ሰው፣ ያ ፈረስ የሚሸጥበትን ቀን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። በነጻ ማስተማሩ! አንዷን ቃል እየደጋገመ ማደናገሩ! አካኮ እንዲወድቅለት ነው፤ ዳለቻን ሊወስድብን ነው። ሲወጣ ከጭድ ክምሩ ኋላ ተደበቅሁ። ገመዱን ሳየው ቋጠሮው የአካኮ አልነበረም፤ ተፈትቶ እንደገና ታስሯል።

አካኮ ሲመጣ ቋጠሮውን አሳየሁት። የጥርሱንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ዝም ሲለኝ ያላመነኝ መሰለኝና ጨመርኩበት።

"ደግሞ በስልክ ለሆነ ሰው 'ፈረስ አገኘሁ' ሲል ሰምቼዋለሁ" አልኩት።

አልሰማሁም። ስልኩንም አላየሁም። ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ዳለቻን ስለምወድ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ግን ሌላም ነገር ነበረው፦ አካኮ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ "አንቺን ብቻ ነው የማምነው፣ ኢንታላ ኮ" አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው። ሰው የማያምን ሰው ሲያምናችሁ እንዴት እንደሚጣፍጥ አትጠይቁኝ። ወረቀቱን ከምሰሶው ነቅሎ ምድጃ ውስጥ ከተተው። በማግስቱ መምህር ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ "ከእንግዲህ አትምጣ" አለው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። መምህር ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ፈተናው በሳምንቱ፣ ከሐይቁ በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ማኅበሩ ቢሮ ፊት ለፊት ሆነ። ሃያ ምናምን ፈረስ ተሰልፏል። ሊቀመንበሩ ኦቦ ፈይሳ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሕጉን ተናገሩ፦ ፈረሱ ላይ የሚቀመጠው ምንም የማያውቅ እንግዳ ነው፤ ውጣ ካልተባለ አይወጣም፣ ውረድ ካልተባለ አይወርድም። እንግዳ ሆኖ የሚፈትነውም የተማረ ሰው ነው ብለው ወደ ጎን አመለከቱ።

መምህር አስናቀ! ካፖርቱን ቆልፎ ቆሟል።

"አለቀልን" አለኝ አካኮ። "በሬን የዘጋሁበት ሰው ነው የሚፈርድብኝ።" ፊቱ እንደ ዳለቻ አመድ ሆነ።

ሽማግሌ ይቅደም ተባለና አካኮ መጀመሪያ ገባ። መምህር ሆን ብሎ ከዳለቻ ኋላ ሄዶ ቆመ። አካኮ ተጠራጥሮ፣ በቀስታ "ጌት ባክ" አለ። መምህር ወደ ኋላ ራቀ። አካኮ ገረመው። ይህ ሰው ቃላቱን ገልብጦ አስተምሮኝ ይሆናል ብሎ ሲያስብ ሰንብቶ ነበር። "ጌት ኦን" አለ፤ መምህር እርካቡን ረግጦ ወጣ። ፈረንጇን በመታው ኮሶ ሥር ሲያልፉ "ጌት ዳውን!" አለ፤ መምህር አንገቱን ደፋ። ሰዉ "ጎበዝ፣ ኦቦ ቶሎሳ!" አለ። ዳለቻ ዞሮ መጥቶ ሊቀመንበሩ ፊት ቆመ።

አሁን ውረድ ማለት ብቻ ነው የቀረው።

አካኮ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ዓይኑ ወረቀቱ ይሰካ የነበረበትን ምሰሶ ፍለጋ ሄደ፤ ምሰሶው ቤት ነው፣ ወረቀቱ አመድ ሆኗል። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ጌት… ጌት… ላቡ ከባርኔጣው ሥር ወረደ።

"ኦቦ ቶሎሳ፣ ግድ የለም" አሉ ኦቦ ፈይሳ አዝነው። "መምህር፣ ይውረዱና ቀጣዩ ይግባ።"

"አልወርድም" አለ መምህር።

"እንዴት?"

"እንግዳ ነኝ አይደል? ውረድ አልተባልኩም።"

ኮርቻው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ላይ ይነፍሳል፣ ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ማጉረምረም ጀምረዋል። እሱ እንደሆነ ንቅንቅ የለም። እጁን ዘርግቶ የዳለቻን ጋማ ይደባብሳል። ዳለቻ ደግሞ፣ ከሃዲው፣ ዓይኑን ጨፈን ጨፈን ያደርጋል።

አካኮ ያንን እጅ አየ። "ወሰደው" አለኝ በኦሮምኛ። "አየሽ? ተደላድሎ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ፊት ሊወስደው ነው!" ከዚያ ደም ሥሩ ተገታተረና አፋፉ እስኪያስተጋባ ጮኸ፦

"ጌት ኦፍ! ጌት ኦፍ ከፈረሴ ላይ!"

መምህር ቃሉ ሳያልቅ ዘሎ ወረደ። "አልፈዋል" አለ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፣ ኦቦ ፈይሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጨበጨቡ። አካኮ ብቻ አልሳቀም። ማለፉንም የገባው አይመስለኝም። ልጓሙን ነጥቆ ዳለቻን ወደ ራሱ ጎተተ።

መምህር ተጠጋን። "ኦቦ ቶሎሳ፣ ምን አጠፋሁ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ጥርሱን አይተሃል" አለ አካኮ።

አጠገባችን የነበሩት ፈረሰኞች ሳቃቸውን አቆሙ። ቀላል ክስ አይደለም። መምህር ጎንበስ አለ።

"አይቻለሁ። ሳልጠይቅ ገመዱን ፈትቼ ማየቴ ነውር ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አባቴ ልክ እንደዚህ ያለ ዳለቻ ፈረስ ነበረው። እኔን አምቦ ልኮ ለማስተማር ሸጠው። ገዢው ነጋዴ ወደዚህ ወደ ሸዋ ነዳው ብለውኝ ነበር። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን የርስዎን ሳይ ዕድሜውን ካላየሁ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ።" ዳለቻን አየው። "አይደለም። ይሄ ገና ልጅ ፈረስ ነው። ብቻ በኔ ጊዜ ሌላ ዳለቻ እንዳይሸጥ ብዬ ነው የመጣሁት።"

አካኮ ልጓሙን ላላ አደረገ፣ መልሶ ጨበጠው። "በስልክስ? 'ፈረስ አገኘሁ' ብለሃል። ተሰምተሃል!"

"እኔ?" አለ መምህር። "ማን ሰማኝ?"

አካኮ ወደ እኔ ጠቆመ። በኩራት ነው የጠቆመው፤ የሚያምናት ምስክሩ ነበርኩ። መምህር አየኝ፣ ሰዉ ሁሉ አየኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልዋሽ እችል ነበር፣ ማንም አያውቅም። ግን የዚያ ሰው ዓይን… እንኳን ሊከሰኝ፣ የሚለምነኝ ነበር የሚመስለው።

"አልሰማሁም" አልኩ።

"ምን አልሽ?" አለ አካኮ።

"መምህር ጥርሱን ሲያዩ አይቻለሁ። የስልኩን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት። እንድታምነኝ ብዬ ነው።"

አካኮ አየኝ። ጭራሮውን በሚያይበት ዓይን ነበር ያየኝ፣ ከቦታው ተነሥቶ እንደሆነ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ፈረሱ ዞረ። የዳለቻን መጫኛ ጠበቅ አደረገ፣ ግላሱን አስተካከለ፣ እርካቡን ለረጅም እግር እንዲሆን አወረደው። ከዚያ ልጓሙን ለመምህር ዘረጋለት።

"ጌት ኦን፣ ኢልማ ኮ" አለው። ልጄ ውጣ ማለቱ ነው።

መምህር ወጣ። ፈረስ ላይ ሲወጣ ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት፤ ሲፈተን እንግዳ መስሎ ነበር የተቀመጠው፣ አሁን ግን ጀርባው ቀጥ ብሎ፣ ጉልበቱ ተጣብቆ፣ ፈረስ ላይ ያደገ ሰው ነበር። ዳለቻን በለሆሳስ አንድ ነገር አለውና ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ሶምሶማ እያስመታ ሄደ። ኩርባው ላይ ሲደርስ ተሰወረብን።

እኔና አካኮ ብቻ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ፈርቼ፣ ግን መቻል አቅቶኝ ጠየቅሁት።

"አካኮ፣ ባይመለስስ?"

"ይመለሳል" አለኝ።

በሕይወቴ ስለ ሰው እንዲህ አፉን ሞልቶ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዓይኑን ግን ከኩርባው አልነቀለም። እኔም አልነቀልኩም። የዳለቻ ኮቴ ከሩቅ ሲሰማ እጄን ያዘኝ።